የጡት ኢምፕላንቴን (የገባልኝን ሰው ሠራሽ ጡት) በሌላ ካስቀየርኩ በኋላ፦ ስለ ህመሙ፣ ስለ ክትትሉና ስለገዛኋቸው ዕቃዎች

እህቶቼ ይሄን የምጽፈው ከኦፕራሲዮኑ በፊት እኔ ራሴ በአማርኛ ስፈልግ ስፈልግ ምንም ስላጣሁ ነው። ስለ ቅርጹ የሚያወራ ሞልቷል፣ ከዛ በኋላ ቤት ገብተሽ እንዴት ነው የምትተኚው፣ ስንት ቀን ነው የሚያምሽ፣ ማን ነው ፀጉርሽን የሚያበጥርልሽ የሚል ግን የለም። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሁለተኛው ከተሰራልኝ አምስት ወር አልፎኛል። የሆስፒታሎቹን ስም አልጠራም ምክንያቱም በመጀመሪያው ቦታ ላይ ቅሬታ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ በ2021 ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘብኝና ጡቱ ወጣ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ለራዲየሽን (ለጨረር ሕክምና) 25 ቀን ተመላለስኩ፣ ከዛ በ2022 ኢምፕላንት ገባልኝ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ዓመት ሳይሞላው እየጠነከረ መጣ፣ ወደ ላይም ተሰበሰበ፣ በግራ ጎኔ መተኛት ተውኩ፣ ቤተክርስቲያን ሰው ጥብቅ አድርጎ ሲያቅፈኝ እሳቀቅ ነበር፣ ድንጋይ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ያስገቡልኝ ሰዎች ጋ ሦስቴ ሄድኩ፣ ሦስቴም "በጊዜ ይለሰልሳል፣ ማሳጅ አድርጊ" ተብዬ ተመለስኩ። አንዴማ ስጋቴ ነው እንጂ ህመም እንዳልሆነ ነገሩኝ፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሌላ ሆስፒታል ስሄድ ዶክተሯ በእጇ ዳሰሰችኝና ወዲያው ስሙን ነገረችኝ፣ ካፕስዩላር ኮንትራክቸር። ሰውነት ኢምፕላንቱን እንደ ባዕድ ነገር አይቶ ዙሪያውን በጠባሳ ይሸፍነዋል፣ ይሄ ሁሉም ሰው ላይ ያለ ነው፣ ግን አንዳንዴ ጠባሳው ወፍሮ ይጨመድዳል። አራት ደረጃ አለው፣ የኔ አራተኛው ነበር፣ የሚያመው ማለት ነው። ራዲየሽን የወሰደች ሴት ላይ ደግሞ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይሄን በ2022 ማንም አልነገረኝም። ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ እንዳልሆነም አልነገሩኝም። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ከ2021 ጀምሮ ሐኪሙና ታካሚዋ አብረው አይተው የሚፈርሙበት ዝርዝር እንዲኖር አስገድዷል፣ እኔ ግን የማስታውሰው ታብሌት ላይ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህም ጋ ፈርሚ መባሌን ብቻ ነው። እባካችሁ ወረቀቱን ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ አንብቡት፣ አስተርጉሙት።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ "ለውበት ነው" ብሎ አልከፍልም አለ። እዚህ አሜሪካ የ1998 ሕግ አለ፣ ጡት ማውጣትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም ከሱ የሚመጣውን ችግርም መሸፈን አለበት። የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ይሄንን ጠቅሳ ይግባኝ ጻፈችልኝ፣ ተፈቀደ። የራሴን ድርሻ ከፍያለሁ ግን ሙሉውን ክፈይ ብባል ኖሮ አልችለውም ነበር።

አሁን ወደ ህመሙ። "ሁለተኛው ይቀላል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ኢምፕላንቱ ብቻ ወጥቶ በቦታው ሌላ ከገባ አዎ ሊቀል ይችላል፣ ቦታው ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የኔ ግን ጠባሳው በሙሉ ተፈልፍሎ ነው የወጣው፣ ወደ ሦስት ሰዓት ፈጅቷል፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ ከመጀመሪያው ባሰብኝ። የዛኑ ቀን ማታ ቤቴ ገባሁ። ቁስሉ ውስጥ የሚቆይ ማደንዘዣ ስላደረጉልኝ ምንም አላመመኝም፣ ደህና ነኝ ብዬ ክኒኑን ሁለቴ ዘለልኩት። ሦስተኛው ቀን ሌሊት ማደንዘዣው ለቀቀ። ደረቴን በጠፍር ያሰሩኝ ነው የመሰለኝ፣ ትንፋሽ ሙሉ መሳብ አልችልም፣ ማሳል አልችልም፣ ከአልጋ ለመነሳት ክንድ ያስፈልጋል ክንዴ ደግሞ ከደረቴ ጋር ነው የሚሳበው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ፣ ነርሷ አነሳች። ተረጋግታ ክኒኑን በስንት ሰዓት ልዩነት እንደምወስድ አንድ በአንድ አጻፈችኝ፣ ባያምሽም በሰዓቱ ዋጪው አለችኝ። ፐርኮሴት የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ከታዘዘላችሁ ደግሞ እሱ ራሱ ውስጡ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) አለው፣ ላዩ ላይ ሌላ ታይሌኖል እንዳትጨምሩ፣ ታይሌኖሉ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ጠዋት መልሳ ደወለችልኝ። ለዚህ ክትትል ከአምስት አምስት ነው የምሰጠው፣ ከሰርጀሪው እኩል ያዳነኝ እሱ ነው።

ሌላው የወደድኩት አስተርጓሚው ነው። እማዬ ልታስታምመኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፣ እንግሊዝኛ አትችልም። በስልክ አማርኛ የሚናገር ሰው አገናኝተዋት ድሬይኑን እንዴት እንደምትደፋ ለራሷ አስረዷት፣ በነፃ ነው፣ ጠይቁ። ድሬይን ማለት ከቁስሉ ፈሳሹን የሚስብ ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ እንቁላል ያለች ላስቲክ አለችው። እማዬ ጠዋት ጠዋት መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ትሄድና ብርሃን ላይ አንስታ ቁጥሩን ታነባለች፣ የዕቁብ ደብተሯ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። 85፣ 70፣ 40። ሁለት ቀን በተከታታይ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው የሚወጣልሽ ተብለን ስለነበር ቁጥሩን እንደ ፈተና ውጤት ነበር የምንጠብቀው። ስምንተኛው ቀን ላይ "ዛሬም ሃያ አምስት ነው ልጄ፣ ተመስገን" አለችኝ። ሲወጣ ትንሽ ይቆጠቁጣል፣ ወዲያው ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ተጣልተናል። እማዬ በሙቅ ውሃ ጨርቅ ልተኩስሽ አለች፣ እኛ ቤት ለሁሉም ህመም መድኃኒቱ እሱ ነው። ነርሷ በፍጹም አለች። ጡት ከወጣ በኋላ ቆዳው ስለሚደነዝዝ ቢቃጠል እንኳን አይታወቅሽም፣ በረዶም ያው ነው። ይሄን ለእናቶቻችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እነሱ በፍቅር ነው የሚያደርጉት።

ስለ ዕቃዎቹ። ሽብልቅ ትራሱ (ከፍ አድርጎ በጀርባ የሚያስተኛው) 45 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ያለሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አልወጣቸውም ነበር፣ ግዙት። ፊት ለፊት የሚቆለፍ የጡት መያዣ ሁለት ያስፈልጋል አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲለበስ፣ ዚፕ ያለው ስፌቱ ጋ እየነካ አቆሰለኝ፣ በመንጠቆ የሚያያዘው ይሻላል። የድሬይን ቦርሳ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ፣ እማዬ ከአሮጌ ነጠላ ሰፍታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ፣ ከሚሸጠው ይለሰልሳል። የሲሊኮን ጠባሳ ፕላስተር ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ ዶክተሯን ጠይቄ ነው የጀመርኩት፣ እኔ ጠባሳዬ ቶሎ የሚያብጥ ሰው ስለሆንኩ ረድቶኛል ብዬ አምናለሁ። በተልባ ደግሞ አትቀልዱ፣ ጠንካራው ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ እየበጠበጠች ስትሰጠኝ ነው የተረፍኩት፣ ውሃ በብዛት ጠጡበት።

የተሰራልኝ በዐቢይ ጾም ነበር፣ ቁስሉ እንዲድን ፕሮቲን ብዪ ተባልኩ፣ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ እንቁላልና ዶሮ በላሁ። የሚጨነቅ ካለ ይጠይቅ፣ እሳቸው "መጀመሪያ ዳኚ" ነው ያሉኝ።

ሥራ በአራተኛው ሳምንት ገባሁ፣ የኔ ቁጭ ብሎ ነው። እስከ ስድስት ሳምንት ከ5 ፓውንድ በላይ ማንሳት፣ እጅ ከትከሻ በላይ ማድረግ የለም፣ ላይኛው መደርደሪያ ያለውን በርበሬ ማውረድ እንኳን ጎረቤቴን ነው የጠራሁት። በሁለተኛው ሳምንት ላይ እንደ ኮረንቲ የሚነዝር ነገር ይመጣል፣ ነርቩ እየነቃ ነው ይላሉ፣ እኔ ደንግጬ ነበር። መደንገጥ ያለባችሁ አንዱ ጎን በድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ወይ ትኩሳቱ 101 ፋራናይት ከደረሰ ነው፣ ያኔ ነገ ሳትሉ ደውሉ።

የኢምፕላንቱን ካርድም ያዙ። በ2019 አለርጋን የሚባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባለውን ሸካራ ኢምፕላንት ከአንድ የሊምፎማ (የካንሰር) ዓይነት ጋር ስለተያያዘ ከዓለም ገበያ ሰብስቧል፣ ካርዱ ከሌላችሁ ውስጣችሁ ያለው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? የኔ ሁለቱም ለስላሳ ነበሩ።

አሁን አልፎ አልፎ ብርድ ሲሆን ይጨመድደኛል፣ በግራ ጎኔ ግን ተኝቻለሁ፣ መጀመሪያ የተኛሁ ቀን ጠዋት ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት፣ እልል አለች። ሽብልቅ ትራሱ ታጥቦ ንጹህ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ኦፕራሲዮን የምትገባ ካለች ጻፉልኝ፣ እሰጣታለሁ፣ ድሬይኗን ከምትይዝበት የነጠላ ቦርሳ ጋር።