ለፓስታ የትኛው ሳህን ይሻላል? ዝርግ፣ የሾርባ፣ ጎድጓዳ ወይስ ትሪ

ከመርካቶ ስድስት ጎድጓዳ ሳህን ገዝቼ ነበር። ቀለማቸው ደስ ይላል፣ ዋጋቸውም አልከበደኝም። በመጀመሪያው እሁድ እንግዶች መጡና ፓስታ በስጎ አቀረብኩባቸው። የሳህኑ አፍ ጠባብ፣ ሆዱ ጥልቅ ነው። ስጎው ከላይ ቀረ፣ ፓስታው ከሥር ነጭ እንደሆነ ተገኘ። ሹካ ለመጠቅለል ቦታ የለም። አንዷ እንግዳዬ ቀስ ብላ ተነስታ ዝርግ ሳህን አመጣችና ገለበጠችበት። ሳህኖቹን አሁን ለሾርባና ለአጃ እጠቀምባቸዋለሁ፤ ለዚያ ጥሩ ናቸው። ለፓስታ ግን አይሆኑም።

ከዚያ ወዲህ ሳህን ስመርጥ መጀመሪያ ቅርጹን አያለሁ። ቀጥሎ የተሠራበትን ነገር። አበባውንና ቀለሙን መጨረሻ ላይ።

ዝርግ ሳህን ወይስ የሾርባ ሳህን?

አብዛኛው ቤት ፓስታ የሚቀርበው በዝርግ ሳህን ነው። ስፋቱ 26 ወይም 27 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው፣ ለሁሉም ምግብ የምናወጣው። ዝርጉ የሚመቸው ስጎው ወፍራም ሲሆን፣ ወይም ማካሮኒ በአትክልት ሲሠራ ነው። ከጎኑ ሰላጣና ዳቦ እዚያው ሳህን ላይ ለሚያስቀምጥ ሰውም ይሄው ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ስጎው ቀጠን ሲል ነው። የጾም ፓስታን አስቡት። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት፣ አንዳንዴም ጎመንና ካሮት። ዘይቱ ወደ ሳህኑ ዳር ይሸሻል፣ ፓስታው መሀል ላይ ደርቆ ይቀራል። ልጅ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ መቀዝቀዝ ነው። ዝርግ ላይ የተዘረጋ ፓስታ ቶሎ ይበርዳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓስታችን ከድስት ሲወጣ ቆላ ላይ ከሚቀቀለው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚጀምረው ማለት ነው። በክረምት ምሽት ደግሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሳንበላ ይበርዳል።

ጣሊያኖች ይህን ቀድመው ፈትተውታል። እነሱ ዘንድ ፓስታ የሚቀርበው «ፒያቶ ፎንዶ» በሚሉት ሳህን ነው። ጥልቅ ሳህን ማለት ነው። ዝርጉን የሚያወጡት ከፓስታ ቀጥሎ ለሚመጣው ሥጋ ወይም ዓሣ ነው። ጥልቅ ሳህናቸው ሌላ ሳይሆን እኛ የሾርባ ሳህን የምንለው ነው። ወገቡ ላይ ጎድጎድ ይላል፣ ታቹ ሰፋ ያለ ነው፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ስፋቱ ከ22 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስጎው አይሸሽም። ሹካው ጎኑን ተደግፎ ፓስታውን ይጠቀልላል። ሙቀቱም ይቆያል።

እና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሳህን ብዙዎቻችሁ ቤት አለ። ሰርቪስ የገዛ ሰው ስድስት ዝርግ፣ ስድስት የሾርባ፣ ስድስት ትንንሽ የኬክ ሳህን አብሮ ይዞ ይገባል። የሾርባዎቹ ቢፌ ውስጥ ተደርድረው ዓመት ከዓመት ይቀመጣሉ፣ እንግዳ ካልመጣ አይወጡም። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቢፌውን ክፈቱ። ምናልባት መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ጎድጓዳው ሳህን በሦስተኛ ደረጃ ነው። ቢሆንም ሁሉም አንድ አይደለም። ታቹ ሰፊ፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ከሆነ እንዲያውም ከሾርባ ሳህን ሊበልጥ ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ «ፓስታ ቦውል» ተብሎ ለብቻው ሲሸጥ የምታዩት ይሄው ነው። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። የኔዎቹን ያበላሻቸው ጥበታቸው ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ታቹ ላይ መዳፋችሁን ስታሳርፉ ጣቶቻችሁ ካልተጣጠፉ ይሆናል።

መጠኑንም አስቡበት። ለአንድ ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም ደረቅ ፓስታ ይበቃል። 500 ግራሙ ፓኬት ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ነው። ሲቀቀል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሳህኑ በጣም ትልቅ ሲሆን እጃችን ሳያስበው ይጨምራል፣ ቀሪው ይጣላል።

ከምን የተሠራ?

ፖርሲሊን የኔ ምርጫ ነው። ወፈር ያለው ሙቀት ይይዛል፣ በርበሬ የገባበት ስጎ አያቀልመውም፣ ሽታ አይቀርበትም። ከፖርሲሊን መሀል ቦን ቻይና የሚባለው ከከብት አጥንት አመድ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ስስ ነው፣ ያምራል፣ ውድ ነው። ለዕለት ፓስታ አያስፈልግም።

የወርቅ ቀለም ጠርዝ ያለውን በደንብ አስቡበት። እኛ ቤት የወርቅ ጠርዝ ይወደዳል፣ ለሠርግ ስጦታም እሱ ነው የሚመረጠው። ነገር ግን ማይክሮዌቭ ውስጥ ይፈነጥቃል፣ በድስት ሽቦ ሲታሸት ደግሞ ይለቃል። የትናንት ፓስታ ጠዋት የምታሞቁ ከሆነ ጠርዙ ንጹሕ የሆነውን ውሰዱ።

በፈረንሳዩ አርኮፓል ስም የሚታወቀው ነጭ የመስታወት ሳህንም ጥሩ ተፎካካሪ ነው። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቲማቲም አይዝበትም። ስስ ስለሆነ ግን ከወፍራም ፖርሲሊን ቀድሞ ይበርዳል። አንድ ቀን ከተሰበረ ደግሞ ብዙ ቦታ ይበተናል፤ ሕፃን በባዶ እግሩ የሚሮጥበት ቤት ይህን ማወቅ አለበት።

ሜላሚን በሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጅ ያለው ሁሉ የሚገዛው ነውና። አይሰበርም፣ ርካሽ ነው፣ ሥዕሉ ልጅ ይስባል። ለብስኩት፣ ለፍራፍሬ፣ ለዳቦ ምንም አልልም። ፓስታ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ነገር አንድ ላይ ይመጣል፦ ሙቀትና የቲማቲም ኮምጣጣነት። ሜላሚን ከተሠራበት ኬሚካል ወደ ምግብ የሚገባው መጠን በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ይጨምራል። ጀርመን ያለው የምግብ ደኅንነት ተቋም ከ70 ዲግሪ በላይ ለሆነ ምግብ ሜላሚን እንዳይጠቀሙ ይመክራል። ማይክሮዌቭ ውስጥማ ፈጽሞ አይገባም። ለልጅ በሜላሚን ማቅረብ ካለባችሁ ፓስታው ለብ እስኪል ጠብቁ፤ ልጁም ለብ ያለውን ነው የሚበላው። ገጹ የተቧጨረውንና የሻከረውን አውጥታችሁ ጣሉት።

ስቴንለስ አይሰበርም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን እጅ ያቃጥላል፣ ምግቡም ቶሎ ይበርዳል። አበባ የተሳለበት የድሮው የብረት ሳህን ደግሞ ቅቡ እስካልተላጠ ድረስ ያገለግላል፤ ከተላጠ ይዝጋል።

ስለ ሸክላ የሚጠይቁኝ አሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚያወጡት ጥቁር ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዓይን ይይዛል። ሙቀት መያዙንም በሸክላ ጥብስ እናውቀዋለን። ግን ገጹ ያልተለበጠ ሸክላ ዘይትና ቲማቲም ይጠጣል፣ ሽታውም ይቀራል። ከወደዳችሁት ዳቦ ወይም ሰላጣ አቅርቡበት። ለጌጥ ተብሎ በቀለም የተለበጠ ሸክላ ላይ ደግሞ ትኩስ ስጎ አታድርጉ። አንዳንዱ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፣ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ያወጣዋል።

ፓስታ በእንጀራ ለሚበላ ቤት

እዚህ ላይ የጣሊያኑ ምክር አይሠራም። ብዙ ቤት ፓስታው እንጀራ ላይ ፈሰስ ይደረግና በጋራ በእጅ ይበላል። ስጎውን እንጀራው ስለሚጠጣው ጥልቀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስፋት ነው። ስለዚህ ለአራት ለአምስት ሰው ጠርዙ ከፍ ያለ ሰፊ ትሪ ይሻላል። ስቴንለስ ትሪ እዚህ ጋ ጥሩ ነው፤ እንጀራው መሀል ስለሚገባ ሙቀቱ እጅ ላይ አይደርስም። የሾርባ ሳህን ላይ እንጀራ ማጠፍ ግን ትርፉ መዘርከክ ነው።

እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ደግሞ አንድ ትልቅ ማቅረቢያ ጎድጓዳ እመክራለሁ። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ፓስታውንና ስጎውን ድስቱ ውስጥ አዋህዳችሁ ገልብጡበትና ሁሉም የሚበቃውን ያንሳ። የኔ እንግዶች ያን ቀን ነጭ ፓስታ የደረሳቸው ስጎውን ከላይ ስላፈሰስኩትም ነበር።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ

ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጣት ጫን በሉ። ከተንቀጠቀጠ ሌላ ይምጣ። በጥፍራችሁ መታ አድርጉት። ደህና ፖርሲሊን ኪል ይላል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ታቹን አገላብጣችሁ እዩት፣ ሻካራ ከሆነ ሲደራረብ የታችኛውን ይቧጭራል። ሹካ ካለ በቀስታ ጎተት አድርጉበት። ርካሽ ቅብ ላይ ግራጫ መስመር ይቀራል። ቤት ያላችሁት ሳህን ላይ እንዲህ ዓይነት መስመር ካለ ሁልጊዜ ጭረት አይደለም፤ የሹካው ብረት ነው። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሳችሁ ስታሹት አብዛኛው ይለቃል።

ነጩን ውሰዱ። የስጎው ቀይ ነጭ ላይ ይደምቃል። ከዚያም በላይ አንዱ ሲሰበር ተመሳሳዩን ማግኘት ይቀላል፤ አበባ ያለው ግን በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል። ከቻላችሁ ስድስት ሳይሆን ስምንት ግዙ።

ፓስታውን ስታጠልሉ ደግሞ ትኩሱን ውሃ ሁሉ አትድፉት። እንዲሞቁ የፖርሲሊን ሳህኖቹ ላይ አንድ አንድ ጭልፋ ጨምሩና አንድ ደቂቃ ቆዩ። ውሃውን ደፍታችሁ በፎጣ ጠረግ አድርጉና ፓስታውን አውጡ።