በጅማ የዋቢ ጽሑፎችን ዝርዝር ለምታስተካክል እህታችን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በጅማ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ውስጥ ለምትሠራ እህታችን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ሥራዋንም ለማታውቁ ተመራማሪዎች ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስሟና ስልኳ እንዲወጣ ስላልፈለገች ፈቃዷን አክብሬያለሁ፤ የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አገናኘዋለሁ።

ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በጅማ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች በነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ላይ የሠራነውን ጥናት ለአንድ የጤና ጆርናል ልከን ነበር። ጽሑፉ ከገምጋሚ እጅ ሳይደርስ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ምክንያቱ የዋቢዎቹ አጻጻፍ የጆርናሉን መመሪያ አለመከተሉ ነበር። ጥናቱ መጀመሪያ የተጻፈው ለመመረቂያ ስለነበር ዋቢዎቹ በኤፒኤ ስልት፣ ማለትም በደራሲ ስምና በዓመት የተቀመጡ ነበሩ፤ ጆርናሉ የሚጠይቀው ደግሞ ዋቢዎች በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር የሚያገኙበትን የቫንኩቨር ስልት ነው። 61 ዋቢዎችን በእጄ ቁጥር ስሰጥ ሰነበትኩ። ጨረስኩ ባልኩበት ቀን ባልደረባዬ መግቢያው ላይ አንድ ዋቢ ጨመረ፣ ከ9 በኋላ ያለው ቁጥርም ሁሉ ተዛነፈ።

ወደ እህታችን የሄድኩት ማስገቢያው ቀን ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው። ፍላሹን ተቀብላ ጽሑፉን ከከፈተች በኋላ ዋጋ ከመንገሯ በፊት፣ «መምህር፣ እነዚህ ጽሑፎች በሙሉ በእጅዎ አሉ? ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የወሰዱት ዋቢ ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ» አለችኝ። አራት ነበሩና ነገርኳት። እነሱን ፈልጌ እስካነብ ድረስ ወደ ዝርዝሩ እንደማታስገባቸው በትሕትና ነገር ግን ቁርጥ አድርጋ ገለጸችልኝ። ሁለቱን አግኝቼ አነበብኩ፤ ሁለቱን ከነዓረፍተ ነገሮቻቸው አወጣሁ። ገንዘብ ከፍሎ የመጣን ሰው እንዲህ ብሎ ማቆም ቀላል እንዳልሆነ የምናውቅ ሁሉ ይህን እናከብርላታለን ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን የምትሠራው ዞቴሮ በተባለ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ በሚገኝ የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ወርድ ከተባለው የኮምፒውተር መጻፊያ ጋር አያይዞ ስለሚይዝ አንድ ዋቢ ቢጨመር ወይም ቢወጣ ሌሎቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። ይሁንና እሷ ፕሮግራሙ ባወጣው ላይ ብቻ አትተማመንም። ዲኦአይ የተባለውን፣ ለታተመ ጽሑፍ የሚሰጠውንና በ10 የሚጀምረውን የኢንተርኔት መለያ አንድ በአንድ እየከፈተች ርዕሱን፣ ዓመቱንና ገጹን ከታተመው ጽሑፍ ጋር ታመሳክራለች። እኔ ከጻፍኳቸው አንዱ መለያ በአንድ አሃዝ ስሕተት ስለ ዓሣ ኩሬ ወደሚናገር ጽሑፍ ይወስድ እንደነበር ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ለእኛ ሰዎች ስም ያሳየችው ጥንቃቄ ነው። ቫንኩቨር የቤተሰብ ስምን አስቀድሞ የራስን ስም በመጀመሪያ ፊደል ያሳጥራል። የእኛ ስም ግን የራስና የአባት ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። በሁለት ስም ባሳተመው ጽሑፍ «ከበደ አ»፣ በሦስት ስም ባሳተመው ደግሞ «ተሰማ አከ» ሆኖ ይገባል፤ አንባቢውም ሁለት ሰዎች ይመስሉታል። ገብረ መድኅን የሚለው ስም በሁለት ቃል ከተጻፈ «መድኅን» የአባት ስም ሆኖ ይቀርና ሰውየው ከነአካቴው ሌላ ሰው ይሆናል። በእኔ ዝርዝር እንዲህ የተበላሹ ሰባት ስሞች ነበሩ። እህታችን እያንዳንዱን ከጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አስተያየችው። ፕሮግራሙ የቆረጣቸውን ድርብ ስሞች መልሳ ገጠመች፤ ደራሲው ራሱ በተለያየ መልክ ያሳተማቸውን ግን እንደታተሙ ተወቻቸው፣ ምክንያቱም አንባቢ ፈልጎ የሚያገኛቸው በታተሙበት መልክ ነው። ይህን ልዩነት ስታስረዳኝ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት የአገሬን ሰዎች ሥራ ስጠቅስ ስማቸውን ምን ያህል እንዳጎደልኩ ተሰማኝ።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲንም ፕሮግራሙ እንደ ግለሰብ ቆጥሮ «ኤጀንሲ» የሚለውን የአባት ስም አድርጎት ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ስም በአንድ መስመር ሳይከፈል የሚገባበት ቦታ እንዳለ አሳይታኝ አስተካከለችው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሽፋኑ ላይ ግንቦት 2011 የሚል አንድ የአማርኛ መመሪያ ጠቅሰን ዓመቱን እንዳለ አስገብተነዋል። ወደ እ.ኤ.አ. ሲለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሚጨመር ትክክለኛው 2019 ነው። ወሩን ለማየት የመመሪያውን ሽፋን ፎቶ አንስቼ እንድልክላት ያደረገችው ለዚሁ ነው።

መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋም ሥራውን በስድስተኛው ቀን አስረከበችኝ። ሁለት ቅጂ ሰጠችኝ፤ አንዱ ከዞቴሮ ጋር የተያያዘና ለእርማት የሚያገለግል፣ ሁለተኛው ግንኙነቱ ተቋርጦ ለጆርናሉ የሚላክ ነው። የመጀመሪያውን እንዳልሰርዝ አጥብቃ አሳሰበችኝ፤ ከገምጋሚ አስተያየት በኋላ ዋቢ መጨመሩ አይቀርምና። ስሜን ከዚህ በፊት በሁለት መልክ እንዳሳተምኩ ስታይም አንዱን መርጬ እንድጸና እና ባለ 16 አሃዝ የሆነውን ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ እንዳወጣ መከረችኝ፤ በዚያው ምሽት አወጣሁ። ጽሑፋችንም በዚህ ጊዜ ያለ ምንም እርማት ወደ ገምጋሚዎች አልፏል።

ወደ እሷ የምትሄዱ፣ የጆርናሉን የደራስያን መመሪያና የጠቀሳችኋቸውን ጽሑፎች ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋዋ በዋቢ ብዛት ነው፤ ፋይሉን ካየች በኋላ ትነግራችኋለች፣ ከዚያ ወዲያ አትጨምርም። የመመረቂያ ወቅት ሲደርስ ወረፋው ስለሚበዛ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ብትሄዱ ለእሷም ለእናንተም ይቀላል።