የዊዘር «ፒንከርተን»፦ ሰዳቢውም ሰጋጁም ድራሙን ረሱት

የአሜሪካው የሮክ ባንድ ዊዘር ስለሠራው ስለዚህ አልበም የሚወራው ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ተረት ነው። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሃያሲያን አልበሙን ቀጥቅጠው ገደሉት፤ ደራሲው ልቡ ተሰብሮ ተደበቀ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ያው ዓለም ተጸጽቶ ዘውድ ደፋለት። ለወሬ ይጥማል፤ ግማሹ ግን እውነት አይደለም። እኔ ድራም የምመታ ሰው ነኝ። «ፒንከርተን»ን ደጋግሜ የምከፍተው ከሁሉ በፊት ለባንዱ ድራም መቺ ለፓትሪክ ዊልሰን እጆች ብዬ ስለሆነ፣ ፍርዴ ወደዚያ ቢያደላ አይግረማችሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ። የሎስ አንጀለሱ ዊዘር የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1994 ነው፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ስለሆነ ሁሉም «ሰማያዊው» ይለዋል። ፕሮዲውሰሩ (ቀረጻውን የመራው ሰው) የካርስ ባንዱ ሪክ ኦካሴክ ነበር። ጊታሩ ወፍራም ሆኖ ጠርዙ የተላገ፣ አዝማቹ አፍ ላይ የሚቀር፣ ቀልዱም የማያልቅ ሥራ ነው፤ በሚሊዮን ተሸጠ። ታዲያ ድምፃዊውና የዘፈኖቹ ደራሲ ሪቨርስ ኩዎሞ ከዚህ ሁሉ ዝና በኋላ ምን አደረገ? ሃርቫርድ ተመዝግቦ ተማሪ ሆነ። ከልደቱ ጀምሮ አንድ እግሩ ከሌላው ያጥር ነበርና በ1995 አጥንት የሚያስረዝም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ እግሩ ላይ ብረት ታስሮበት፣ ምርኩዝ ይዞ እያነከሰ ነበር የሚማረው። «ዘ ጉድ ላይፍ» የሚለውን ዘፈን የወለደው ይህ ጊዜ ነው፤ እንደ ሽማግሌ መቆጠር የሰለቸው ወጣት ጩኸት ነው።

ጠፈር ላይ የሚካሄድ የሮክ ኦፔራ ጀምሮ ነበር፤ ተወው። በምትኩ የፑቺኒን «ማዳማ በተርፍላይ» ያዘ። በዚያ ኦፔራ ውስጥ ፒንከርተን ማለት ናጋሳኪ ላይ ጃፓናዊት አግብቶ ጥሏት የሚሄድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። አልበሙ የተሰየመው በእሱ ነው። ከኦፔራው ሰዎች ሁሉ ኩዎሞ ለራሱ የመረጠው ተበዳይዋን ሳይሆን በዳዩን መሆኑን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሽፋኑም የጃፓናዊው ሠዓሊ የሂሮሺጌ በረዷማ ሌሊት ነው፤ ጎንበስ ብለው በበረዶ ውስጥ የሚያዘግሙ መንገደኞች አሉበት። ከሽፋኖች ሁሉ ከምወዳቸው አንዱ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። በዚህ ጊዜ ፕሮዲውሰር አልቀጠሩም፤ ራሳቸው ሠሩት። ከተቀረጸባቸው ስቱዲዮዎች አንዱ ሎስ አንጀለስ ያለው ሳውንድ ሲቲ ነው፤ ኒርቫና «ኔቨርማይንድ»ን የቀረጸበት፣ በድራም ድምፁ የሚታወቀው ክፍል። ኩዎሞ፣ ጊታሪስቱ ብራያን ቤልና ቤዚስቱ ማት ሻርፕ ድምፃቸውን ለየብቻ እየቀረጹ ከመደራረብ ይልቅ ሦስት ማይክራፎን ዙሪያ ቆመው አብረው ዘፍነዋል። ውጤቱ ይሰማል። አንዱ ከዜማው ትንሽ ወረድ ይላል፣ ሌላው ቀድሞ ይገባል፣ ከኋላ አንድ ሰው «ዋው» ብሎ ይጮሃል፤ ማንም አላረመውም።

ዊልሰንስ? በ«ታየርድ ኦቭ ሴክስ» መግቢያ ላይ ፊድባኩ (ድምፅ ከስፒከር ወደ ጊታር ሲመላለስ የሚፈጠረው ጩኸት) ሲያፏጭ፣ ሲንተሳይዘሩ ከታች ሲያጉረመርም፣ ዘፈኑን አንገቱን ይዞ የሚጎትተው ድራሙ ነው። ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) ንጹሕ አይደለም፤ ከምቱ ጋር የክፍሉ ግድግዳ አብሮ ይመጣል። ሲምባሎቹ ሲጋጩ ጊታሩን እስኪሸፍኑት ድረስ ይንጫጫሉ። ጠንቃቃ ፕሮዲውሰር ቢኖር ይህን ሁሉ ዝቅ ያደርገው ነበር፤ ባለመኖሩ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ኤል ስኮርቾ» ላይ ደግሞ ሌላ ጨዋታ አለ። ዘፈኑ እንደ ሰካራም እየተወላገደ ሲሄድ ይቆይና መሃል ላይ ድንገት ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ወደ መወላገዱ ይመለሳል። ሁለቱን ሽግግሮች ብዙ ልምምድ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። ፈጥኖ መግባቱ ቀላል ነው። ፈተናው ሲመለሱ ነው፤ እጅ ያን ያህል ከሮጠ በኋላ ስንፍና የሚመስል ምት መምታት ትልቅ መቆጣጠር ይጠይቃል። ዊልሰን ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ሆኖ ይመለሳል። ኮርድ ለሚቆጥሩ ደግሞ «ፎሊንግ ፎር ዩ» አለላቸው፤ የሙዚቃው ቁልፍ (ዜማው የሚያርፍበት መነሻ ድምፅ) በየመንገዱ ይቀያየራል፣ ዜማው ግን አንድም ቦታ አይሰናከልም።

በሰኔ ሳይሆን በመስከረም 1996 ወጣ፤ የፀሐይና የመዝናኛ አልበም እንዳልነበር ከወሩም ያስታውቃል። ሃያሲያኑ ያኔ የጻፉትን ስታነቡ የምታገኙት ጥላቻ ሳይሆን ግራ መጋባት ነው። የአሜሪካው መጽሔት ሮሊንግ ስቶን ግጥሞቹን የልጅ ነገር ናቸው ብሎ ተቸ፤ ቢሆንም ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጠው። የእንግሊዙ የሙዚቃ ሳምንታዊ ሜሎዲ ሜከር ሙዚቃውን አወድሶ ግጥሙን ግን ችላ በሉት ብሎ መከረ። የሙዚቃ ድረ ገጹ ፒችፎርክ ከ10 7.5 ሰጠ። ግድያ የሚባለው ይህ ከሆነ ለእኔም ባንድ በየዓመቱ ይምጣልኝ! ቢላዋውን የያዘው አድማጩ ነበር። ሰማያዊውን የገዛ ሰው ሁለተኛ ሰማያዊ ነበር የጠበቀው፤ ያገኘው የአንድ ሰው ማስታወሻ ደብተር ሲጮህ ነው። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ከ19ኛ በላይ አልወጣም። የሮሊንግ ስቶን አንባቢዎችም ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ መደቡት። ይህን ድምፅ የሰጡት አንባቢዎች መሆናቸው እየተረሳ ጥፋቱ በሃያሲያን ላይ ተላከከ። (ይባስ ብሎ ፒንከርተን የተባለው የጥበቃ ድርጅት በስሙ ምክንያት ከስሷቸው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።)

ከዚያ የሆነው ያስቃል። በ2002 የዚያው መጽሔት አንባቢዎች ከዘመናት ሁሉ ምርጥ አልበሞች መካከል 16ኛ አደረጉት። በ2004 መጽሔቱ ራሱ አምስት ኮከብ ሞላለት። በ2010 ሰፋ ያለው እትም ሲወጣ ፒችፎርክ 10 ከ10 ሰጠ። ኩዎሞም አብሮ ሲዋልል ነበር፤ በ2001 አስቀያሚ ሥራ ነው ብሎ ክዶት፣ በ2008 ጥልቅና ደፋር ነው ብሎ አሞገሰው። በመሃሉ ማት ሻርፕ ባንዱን ለቅቋል፣ ባንዱም ለዓመታት ጠፍቷል፤ ኢሞ የሚባለውን ስሜት የበዛበት የሮክ ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች ደግሞ ይህን አልበም የራሳቸው መጽሐፍ አድርገውታል። የአንድ ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ የሆነውን ፕላቲነም ያገኘው በ2016፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

7.5ም 10ም የተሰጠው ለእነዚያው 10 ዘፈኖች ነው፤ አንድም ምት አልተቀየረም። እኔ የማልቀበለው ሁለቱም ወገን ውጤት ሲሰጥ የኩዎሞን ጠባይ እንደ ፈተና ወረቀት ማረሙን ነው። የድሮዎቹ «ብስለት የለውም» አሉ፤ የኋለኞቹ «እንዴት ያለ ግልጽነት» አሉ። ግልጽነቱ የት እንደሚያደርስ ለማየት «አክሮስ ዘ ሲ»ን ስሙ። መነሻው የ18 ዓመት ጃፓናዊት አድናቂ የላከችለት ደብዳቤ ነው። ተራኪው ፖስታውን ያሸታል፣ ክፍሏን በሐሳቡ ይሥላል፣ ወደ ገላዋ ይሻገራል፣ በመጨረሻም ጥፋቱን እናቱ ላይ ይጥላል። ልጅቷ ዘፈኑ ውስጥ ሰው አይደለችም፤ ወረቀት ናት። ይህን ሰምቶ ዝም ብሎ «ደፋር» ማለት አልችልም። ደግሞ አልበሙ ራሱ ይህን እንደሚያውቅ ርዕሱ ይናገራል፤ ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ መኮንን ለዚህ ነው። ማወቁ ግን ዘፈኑን አያጥብም። ደግሞ የሚያናድደው ከአልበሙ ሁሉ የላቀው ዜማ እዚያው መሆኑ ነው፤ ከፒያኖው መግቢያ እስከ ጊታር ሶሎው ድረስ አንድ የሚጣል ነገር የለውም። ሜሎዲ ሜከር ግጥሙን ተዉት ማለቱ ይገባኛል፤ ግን እንዴት ተደርጎ? ሰውየው እኮ ጆሯችን ሥር ነው የሚጮኸው።

«በተርፍላይ» በአኩስቲክ ጊታር ብቻዋን ስትመጣ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ፣ ይቅርታ የምትመስል ግን ሙሉ በሙሉ ይቅርታ ያልሆነች ዘፈን ናት። «ዋይ ቦዘር» ፈጣን ናት፣ ታልፋለች። «ጌትቹ»ን ለመውደድ ብዙ ለፍቻለሁ፤ አልሆነም።

የእኔ ውጤት 8 ከ10 ነው። 9 የሚያሰጠው ድምፁ ነው፤ አንዱን የምቀንሰው ስለዚያች ፖስታ ላኪ ነው።

የትኛውን እትም ለምትሉ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰሙት ከሆነ ዋናውን ያዙ። 34 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ አጭርነቱ የአልበሙ ጥንካሬ ነው። የ2010ሩ ባለ ሁለት ሲዲ እትም የመድረክ ቅጂዎችና ያልወጡ ሥራዎች ተጨምረውበታል፤ ከእነሱ ውስጥ ለብቻዋ ዋጋ የምታወጣው «ትራጂክ ገርል» ናት፣ የቀረው ለአፍቃሪ ነው። ስትሰሙ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫውን ተዉትና ስፒከር ላይ ክፈቱት፤ የድራሙ ክፍል ስፋት በደንብ የሚሰማው እንደዚያ ነው።