ለካውተሪ ማሽን የቱ ይሻላል፦ ፓተንት ወይስ የግልጋሎት ሞዴል?

ቱሉ ዲምቱ ላይ ወርክሾፕ ያለው ወዳጄ ሐኪሞች ካውተሪ የሚሉትን፣ በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም የቀዶ ጥገና ማሽን ሠርቷል። አሁን የጨነቀው በየትኛው በኩል ጥበቃ ይጠይቅ የሚለው ነው። የፈጠራ ሥራን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ሁለቱንም ይፈቅዳል፦ ለፈጠራ ፓተንት፣ ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል።

ፓተንት ዕድሜው ያስጎመጃል፦ 15 ዓመት፣ እዚሁ አገር በአግባቡ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ 5 ይጨመርለታል። ግን መርማሪው ከአዲስነትና ከተግባራዊነት ሌላ ፈጠራዊ ብቃት፣ ማለትም ለባለሙያ በቀላሉ የማይታሰብ መሆኑን፣ ይፈልጋል፤ ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የማሽኑ ፈልሳፊ ቦቪና ቀዶ ሐኪሙ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1926 ቦስተን ላይ ከተጠቀሙበት ወዲህ ማሽኑ ሲሻሻል ኖሯል። ያልተቋረጠ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሥጋ ይቆርጣል፣ የተቆራረጠው ደም ያቆማል ማለት ለባለሙያ ወሬ አይደለም። በሽተኛው ጭን ላይ የሚለጠፈውን፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን ፕሌት ለሁለት ከፍሎ፣ ሲላቀቅ ሬዚስታንሱን ለክቶ ኃይሉን ማቋረጥም ድሮ የተሠራበት ነው። ወዳጄ ግን የሚመካው በዚሁ ነው!

እኔን የማረከኝ ሐኪሙ ኤሌክትሪኩን የሚለቅበት የእግር መርገጫው ነው። ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳይገባው ሽፋኑንና የገመዱን መግቢያ አንድ ላይ ገጥሞታል። ለዚህ የግልጋሎት ሞዴል ይበቃል፦ አዲስና ተግባራዊ ይሁን እንጂ ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅም። ጥበቃው 5 ዓመት ነው፣ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ ሌላ 5።

ወዳጄ ቢሰማኝ መርገጫውን በግልጋሎት ሞዴል ያስመዝግብ፤ ሰርኪዩቱን ቀደምት ፓተንቶች ካገላበጠ በኋላ ይየው። ማመልከቻው ላይ ግን መሣሪያውን እንጂ የቀዶ ጥገናውን ዘዴ አይጻፍ፤ የሕክምና ዘዴ ፓተንት አያገኝም።