የፍሬን መብራቱ «ጠፋልህ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ሲበራ እዩት

አዳማ ውስጥ 18,500 ብር ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ ርዝመቷ ከሁለት ጣት የማይበልጥ የናስትሮ ቁራጭ ናት። ጥቁር ናት፣ አዲስ ናት፣ በጥንቃቄም ተለጥፋለች። በአለጣጠፏ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ በዋጋዋ ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2004 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወንጂ ደርሼ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) መብራት በራች። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ቀይዋ፣ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት፣ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቀጥ ብዬ ስነዳ ትጠፋለች፤ አደባባይ ስዞር ወይም ፍሬን ስይዝ ትመለሳለች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀይ ነገር ሳይ የማውቀው መደንገጥ ብቻ ነው። ደንግጬ ጋራዥ ሄድኩ።

ጋራዡን በስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ክርክሩ ሁሉ ስለ ስሙ ይሆንና ዘዴው ይረሳል።

መካኒኩ ከመሪው ሥር አንድ መሣሪያ ሰካ፣ ስክሪኑን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ወንድሜ፣ የኤቢኤስ ፓምፑ ሞቷል። አዲሱ 60,000 ብር ይጠይቅሃል፤ ለአንተ ግን ያገለገለ ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ። ዕቃው 15,000፣ የእጅ 3,500።» «ለአንተ ግን» የምትለዋ ቃል ስንት ሰው እንዳስከፈለች እግዚአብሔር ይወቀው። ስክሪኑ ላይ ምን እንደተጻፈ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ማታ «ጠፋልህ» ብሎ ደወለ። ስደርስ ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ ነበር፤ ሁለቱም መብራቶች የሉም። ሞተሩ ቀድሞ መነሣቱን እንደ ትሕትና ቆጠርኩት። የተፈታውን አሮጌ ፓምፕ አሳየኝ ስለው «በልዋጭ ስለሆነ ያመጣነው፣ ለባለ ዕቃው መልሰንለታል» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል» አለ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ስቆጥር የምውል ሰው «ተወው በቃ» ብዬ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቤን ይዤ አማቴን ለመጠየቅ ኢተያ ሄድን። ግቢያቸው ዳገት ላይ ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን ስቤ አቆምኩ። ስንመለስ ወሬ ይዞኝ በደንብ ሳልለቅቀው ተነሣሁ፤ ሁለት ጥርስ ያህል ተስቦ ቀርቷል። መንገዱ ደግሞ ከአርሲ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ መኪናዋ በራሷ ስለምትንደረደር መያዟ አልታወቀኝም። ዴራ ልንደርስ ስንል ባለቤቴ «የሚቃጠል ነገር አይሸትህም?» አለች። ዳር ይዤ ወርጄ እጄን ወደ ኋላ ጎማ ሳስጠጋ፣ ሳልነካው ሙቀቱ ፊቴ ድረስ መጣ።

የእጅ ፍሬን ረስቶ መንዳት የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ግን ቀይዋ መብራት አንዱ ሥራዋ ይህንኑ ጥፋቴን መንገር አልነበረም? የእጅ ፍሬን ሲሳብ መብራት አለባት። አልበራችም።

ማታ ግቢ ውስጥ ቁልፉን ሞተር ሳላስነሣ እስከ ሁለተኛው እርከን አዞርኩት። የባትሪው መብራት በራ፣ የሞተር ዘይቱ በራ፣ የሞተሩም በራ። የፍሬንና የኤቢኤስ ቦታ ጨለማ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ያው ጨለማ። የስልኬን መብራት በዳሽቦርዱ መስታወት ላይ በአግድም ሳሳርፍበት፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ሌላ ጥቁር ነገር ጠርዙን አሳየኝ። አንደኛው ማዕዘኑ በሙቀቱ ትንሽ ተነሥቷል።

ጎረቤቴ ዕድሜ ልካቸውን የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና የነዱ አባት ናቸው፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት በካቻቢቴ የዳሽቦርዱን ሽፋን አብረን ፈታን፣ ናስትሮዋን በጥፍራቸው ላጧት። ቁልፉን ስናዞር ሁለቱም መብራቶች እንደ ድሮው ቦግ አሉ፣ አልጠፉምም። እኔ መሳደብ ስጀምር ጋሼ አቋረጡኝና «የፍሬን ዘይቱን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም። 18,500 ብር ስከፍል ኮፈኑን እንኳን አልከፈትኩትም።

ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ የሆነች ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አለች። ጎኗ ላይ «ማክስ» እና «ሚን» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉባት። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ነበር፤ መልኩም የቡና አተላ። ውስጧ አንዲት ተንሳፋፊ አለች፤ ዘይቱ ሲጎድል ትወርድና ቀይዋን መብራት ታበራለች። መኪና ሲዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል፣ በመጠኑ የጎደለ ከሆነ መብራቷ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። አደባባይ ላይ የምትታየኝ እንደዚያ ብላ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ወደ ኤቢኤሱ ክፍል በጣታቸው ጠቆሙኝ። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በየዳዶው የታሰሩበት የአሉሚኒየም ጉማጅ ነው። «እዚህ ዳዶ ላይ ያለውን አቧራ እየው» አሉኝ። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዘይት ጋር ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ይሆናል። ዳዶዎቹ ላይ ያለው ቅርፊት ምንም አልተነካም፣ የቁልፍ ጭረት የለበትም። ያንን ክፍል ለመቀየር ቱቦዎቹ መፈታት አለባቸው፤ ቱቦ ሲፈታ ዘይቱ ይፈስሳል፣ አየርም ይገባል፤ ስለዚህ አዲስ ዘይት ተሞልቶ አየሩ እንዲወጣ መደረግ አለበት። ዘይቴ ግን አተላ ነው። ፓምፑ አልተቀየረም፣ አልተፈታምም። ከናስትሮው በላይ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ለማስመሰል እንኳ ቁልፍ አላነሣም።

አሁን ስለ ጥገናው፤ በቤታችሁ ማየት የምትችሉት ብዙ ነው።

ዘይቱ ጎደለ ማለት ሁልጊዜ ያፈስሳል ማለት አይደለም። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ዘይቱም ተከትሎት ይወርዳል። ስለዚህ ሸራውን ሳታዩ ዘይት ብቻ ሞልታችሁ አትለፉ። ብዙ ቸርኬዎች ክፍተት ስላላቸው የፊተኛውን ሸራ ጎማ ሳይፈታ በባትሪ ማየት ይቻላል። አዲስ ሸራ ከብረቱ ውጭ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው፤ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ለመቀየር ተዘጋጁ። የእኔው 2 ላይ ነበር። ሸራው ደህና ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጎማዎቹን የውስጥ ወገን፣ የኋላውን ታምቡር፣ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ እርጥበት ካለ ፈልጉ። ፔዳሉ ከላላ ወይም እየሰመጠ ወደ ወለሉ ከወረደ መኪናዋን አታንቀሳቅሷት፤ አስጎትቷት።

የምትጨምሩት ዘይት ዓይነት ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ የእኔው «ዶት 3» ይላል። የሞተር ዘይት ጠብ እንዳታደርጉበት፤ በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል። «ዶት 5» የሚባለውም ሲሊኮን ስለሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን ውስጥ ዘይት ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። እግራችሁ ፔዳሉን ይረግጣል፣ መኪናው አይቆምም። የቡና አተላ የመሰለ ዘይት ይዤ ነው ከኢተያ ልጆቼን ይዤ የወረድኩት።

ቢጫዋ ብቻዋን ስትበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ የሌለው በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ክፍል ነው። ቀስ ብሎ ባለሙያ ዘንድ መድረስ ይቻላል። የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆ፣ ዘይቱም ሞልቶ ቢጫዋና ቀይዋ አብረው ከበሩ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎችን የፍሬን ኃይል የሚያመጣጥነውም አብሮ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል አትንዱ።

የቢጫዋን ምክንያት ያገኘነው ያለ ምንም መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ፣ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ሞተር ሳያስነሡ ቁልፉን ማዞር ነው። የኤቢኤሷ መብራት ራሷ የስህተቱን ቁጥር፣ ማለትም ኮዱን፣ በብልጭታ መቁጠር ትጀምራለች። ችግር ከሌለ ሳታቋርጥ በእኩል ትበራለች፣ ትጠፋለች። የእኔዋ ሦስት ጊዜ በራች፣ ቆም አለች፣ ሁለት ጊዜ በራች፤ 32 ማለት ነው። 31 የቀኝ የፊት ጎማ ሴንሰር (የጎማውን ፍጥነት የሚለካው) ነው፣ 32 የግራ የፊት፣ 33 የቀኝ የኋላ፣ 34 የግራ የኋላ። 16ኛው ቀዳዳ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ቀዳዳ መቁጠር የማያስተማምነው ሰው ይህን አይሞክር። በስልክ የሚነበቡት ርካሽ መሣሪያዎችም ብዙዎቹ የሞተርን ኮድ እንጂ የኤቢኤስን አያነቡም፤ «ስህተት የለም» ቢሏችሁ አትዘናጉ።

የግራውን የፊት ጎማ ፈታን። ከዚህ በፊት የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደገፍን፣ መኪናዋንም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በብረት መቆሚያ አስቀመጥናት፤ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር አትግቡ። ከሴንሰሩ የሚወጣው ሽቦ ወደ ላይ የሚታሰርበት ማያያዣ ወልቋል። ሽቦው ተንጠልጥሎ፣ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ከጎማው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ከሁለቱ ክር አንዱ ተበጥሷል። ወንጂ መንገድ ላይ የገባሁበት ጉድጓድ ትዝ አለኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሽቦውን ቀጥሎ፣ ሸፍኖና አስሮ 600 ብር ተቀበለኝ። የፊት ሸራና ሙሉ የዘይት ቅየራ፣ አጠገቡ ቆሜ ሌላ መካኒክ ሠራልኝ፤ ከነእጁ 5,200 ብር፣ በደረሰኝ። ያንን ቆጣሪ ራሴን ይቅር ያልኩት ያን ዕለት ነው፤ በከፊል።

ቁልፉን ስናዞር ሁለቱም በሩ። ቢጫዋ ሦስት ሴኮንድ ያህል ቆይታ ጠፋች፤ ቀይዋ የእጅ ፍሬኑን ስለቅ ጠፋች፣ ስስበው ተመለሰች። ከማንኛውም ጋራዥ መኪና ስትረከቡ የምለምናችሁ ይህችኑ ነው። ሞተሩን አጥፉት በሉ፣ ራሳችሁ ቁልፉን አዙሩ፣ መብራቶቹ መጀመሪያ ሲበሩ እዩ፣ ከዚያ ሲጠፉ እዩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ያልበራ መብራት ጠፋ አይባልም። ያገለገለ መኪና የምትገዙም እንዲሁ አድርጉ፤ ናስትሮ የሚለጥፍ ሻጭም አይጠፋም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሳታዩ አትክፈሉ፤ የመካኒኩ መሣሪያ ስክሪኑ ላይ ያወጣውን ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። «በደረሰኝ ይጨምራል» ለሚላችሁም ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ እንደሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይናገራል በሉት። እኔ ያንን ስላላልኩ ዛሬ በእጄ ያለኝ ማስረጃ ናስትሮዋና የአቧራው ፎቶ ብቻ ነው።

ጋራዡ ተመልሼ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ «ድሮም የነበረ ነው» አሉ። ናስትሮው ቀድሞ ከነበረ እኔ የትኛውን መብራት አይቼ ነው የመጣሁት ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ባለቤቱ ለብቻ ወስዶኝ 4,000 ብር ልመልስልህና እንርሳው አለኝ። 18,500 ወይም ምንም ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ናስትሮዋን በላስቲክ ጠቅልዬ እመለሳለሁ፤ ጋሼም አብሬህ እሄዳለሁ ብለዋል።