የጎሚስታው ቦቲ፦ እምቦጭ ለመንቀል የምትወጡ ሁሉ አንብቡት

የጣናን ሐይቅ የወረረውን አረም፣ እምቦጭን፣ ሊነቅል ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት ጫማ ያስፈልገዋል። ቲሸርቱ ይቆይ፤ ባነሩም ይቆይ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጫማ ነው። የሚሠራው እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ደርድሮ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ ነው የሚሠራው።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ ከቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከጥቂት የባንክ ሠራተኞችና ከባጃጅ ሾፌሮች ጋር ተሰባስበን ከጣና በስተ ምሥራቅ ወዳለው የፎገራ ዳርቻ እንወጣለን። መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ ነው። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም የለንም። ገንዘብ እናዋጣለን፣ መኪና እንከራያለን፣ ስንቃችንን ይዘን እንሄዳለን።

ቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው ቦቲ ለግንባታና ለጭቃ ጥሩ ነው። ለጣና ግን ያጥራል። ዳር ላይ ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ጥቂት ከተራመዳችሁ ታፋ ይደርሳል። ያኔ ውሃው ከላይ ይገባና ቦቲው ይሞላል። ከጭቃው እግራችሁን ስትስቡ ጫማው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ሰው አውልቆ ጥሎት በባዶ እግሩ ይገባል።

በባዶ እግር መግባት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አልቅቱ ትንሹ ችግር ነው። ዋናው ቢልሃርዚያ ነው። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት። በሽታውን የሚያመጣው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ቆሞ መሥራት ብቻ ይበቃል። ደግሞ በብዛት የሚወጣው ረፋዱ ላይና እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ዘማቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚሆነው በዚያው ሰዓት ነው። የእምቦጩ ምንጣፍ ለቀንድ አውጣው ጥላም ምግብም ይሰጠዋል። ስለዚህ እምቦጭ የበዛበት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል አለ፤ በሽታው ይድናል። ሳይታወቅ ዓመታት ከቆየ ግን አንጀትና ጉበት ይጎዳል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ጎሚስታው ተራ የጎማ ቦቲ ይወስድና አፉ ላይ የአይሱዙ ከመነዳሪ (ጎማ ውስጥ ገብቶ አየር የሚይዘውን) ይቀጥልበታል። መጀመሪያ የቦቲውን አፍ ዙሪያውን በሞረድ ይሞርዳል። ከዚያ ማስቲሽ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ እንደገና ይቀባል። ከመነዳሪውን አጥልቆ በመዶሻ ቀስ እያለ ይጠቀጥቀዋል። በመጨረሻ መጋጠሚያውን ከላይ በሌላ ቀጭን የጎማ ቁራጭ ዙሪያውን ያስረዋል። ሥራው ሲያልቅ ቦቲው ታፋ አጋማሽ ይደርሳል።

በጣም የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ከመነዳሪ ክብ ስለሆነ ተቆርጦም ይጎብጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ጉብጠቱን እንደ ችግር ያየው ነበር። እሱ ግን ጉብጠቱን ልክ ጉልበት ላይ ያውለዋል። ስለዚህ ስትራመዱም ሆነ ጎንበስ ስትሉ ጎማው ከእግራችሁ ጋር ይታጠፋል። ማን እንዳሳየው ጠየቅኩት። «መምህርት፣ ጉልበት መታጠፉን ማን ያሳያል?» አለኝ።

ቦቲውን ራሳችሁ ገዝታችሁ የምትወስዱለት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕላስቲክ ቦቲ አትግዙ። ማስቲሹ ጎማ ላይ እንጂ ፕላስቲክ ላይ አይይዝም፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ከገባበት ይላቀቃል። ለመለየት አፉን እጠፉት፤ ጎማ ከሆነ ለስላሳ ነው፣ ቶሎም ይመለሳል። ፕላስቲኩ ግትር ነው፣ ያብለጨልጫል። ጎሚስታው ራሱ ፕላስቲክ ካመጣችሁለት «ብራችሁን አላቃጥልም» ብሎ ይመልሳችኋል። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ዋጋው ከተራው ቦቲ ከእጥፍ በላይ ይመጣል። ውድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ጥንድ ለመሥራት ግማሽ ቀኑን ይወስድበታል፤ የጉልበቱን ማግኘት አለበት። ለጣና ነው ስላልን ብቻ የሰውን ልፋት በነፃ መውሰድ ልክ አይመስለኝም። በዚያ ላይ የተቀደደ ከመለስንለት መጠገኛ አያስከፍልም።

ጉድለቱንም ልናገር። አንደኛ፣ ይሞቃል። ጥቁር ጎማ በጥቅምት ፀሐይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ደህና ነው፤ ደረቅ ላይ እምቦጩን የሚከምሩት ልጆች ግን ባያደርጉት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ቁጥር የለም። የጎማ ቦቲ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 ወዲያ ነው። 37 የምናደርግ ሴቶች ሁለት ካልሲ ደርበን ነው የምንገባው። እግር በሰፊ ጫማ ውስጥ ሲንሸራተት ጭቃው በቀላሉ ይይዘዋል። አስመጪዎች ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ከነቃዮቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ሦስተኛ፣ ጎሚስታው ቀጠሮውን አይጠብቅም። ነገ ያለው ከነገ ወዲያ ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ቦቲው ውሃ ከሞላበት ይጎትታል። ስለዚህ ከታፋ አጋማሽ በላይ ወደሚደርስ ውሃ ይዛችሁት እንዳትገቡ። ብቻችሁንም አትግቡ። ቦቲውን ቀበቶ ላይ የምታስሩበት ገመድ ጫፉን አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን። ጎሚስታው ያሳያችኋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደረቅ ላይ ተለማመዱት።

ስለ ጓንት ብዙ የምለው የለኝም። የሐኪም ጓንት ወዲያው ይቀደዳል። የጨርቁ ውሃ ይጠጣል። የወጥ ቤት ጎማ ጓንት ይሻላል፤ እሱም ክርን አይደርስም። ጎሚስታው በሞተር ሳይክል ከመነዳሪ እጅጌ ሠርቶ እየሞከረ ነው።

አንዳንድ ሰው «ማሽን እያለ ለምን ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል?» ይላል። ማሽኑ ጥልቅ ውሃ ላይ ይሠራል። እምቦጩ የሚከማቸው ግን ውሃው በሳሳበት፣ ጭቃ በሆነው ዳር ነው። እዚያ መድረስ የሚችለው እግር ነው። ተክሉ ደግሞ ከነሥሩ መውጣት አለበት፤ የተቆረጠው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ አንድ መንሽ ሙሉ ማንሳት ራሱ ወገብ ይፈትናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ ሥራው በአንድ ዘመቻ አያልቅም ማለት ነው፤ ጫማውም የአንድ ቀን መሆን የለበትም።

እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከተመዘገበ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ፣ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ገብቷል! በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ) ብለው ከኦሮሚያ የመጡትን ወጣቶች አልረሳቸውም። ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥተው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ሲነቅሉ የሚያሳዩት ፎቶዎች ዛሬም ልቤን ይነኩታል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻም ሕዝቡን በነቂስ አውጥቶታል። ተማሪ፣ ገበሬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁሉም ወጣ። ከውጭ አገር ያሉትም ገንዘብ አዋጥተዋል። ይህ ሕዝብ ለሐይቁ ያለው ፍቅር ጥያቄ የለውም። እኔ የምጠይቀው ጠሪዎቹን ነው። ሰው ወደ ውሃ ስትጠሩ የሚያደርገውን ጫማ አብራችሁ አስቡ። ለባነር የሚወጣው ብር ስንት ጥንድ እንደሚሠራ ጎሚስታውን ጠይቁት።

የጫማውን ነገር ከሁሉ በላይ ያሰፋልኝ አንድ የፎገራ አዛውንት ናቸው። የሩዝ ማሳቸው ባህር ሸሹ ላይ ነው፤ ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀው መሬት ማለት ነው። ውሃው ሲሸሽ እምቦጩን መሬታቸው ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ እሱን ሳያነሱ ማረስ አይችሉም። እኛ ቦቲያችንን አውልቀን መኪና ላይ ስንጭን ቆመው አዩን። «እናንተስ መጥታችሁ ትሄዳላችሁ። እኛ ሁልጊዜም እዚሁ ውስጥ ነን። የእኛስ ጫማ የታለ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ዘማች ስንባል ሁሉም የሚያየው እኛን ነው። ካሜራ ሳይኖር በየቀኑ የሚነቅሉት ግን እነሱ ናቸው፤ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ቦቲዎቹን እዚያው መተው ጀመርን። ሳምንቱን ገበሬዎቹ ይጠቀሙባቸዋል፤ ስንሄድ ደግሞ እንካፈላለን። ሁሉም አይደርሳቸውም፤ ተራ ይይዛሉ። ስለ ጥንካሬው የምነግራችሁም ከእነሱ ያየሁትን ነው። ወቅቱን ሙሉ በየቀኑ የተደረጉት ጥንዶች መጋጠሚያቸው አልተላቀቀም። የተቀደደው ከመነዳሪው ነው፤ እሱም እሾህ ያለው አጥር ሲታለፍ። ሶሉ አልቋል፤ የሶሉ ነገር የፋብሪካው እንጂ የጎሚስታው አይደለም። ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት በሙቀቱና በቀጠሮው ነው።

ማሠራት የምትፈልጉ ከመስከረም በፊት እዘዙ፤ ከዚያ በኋላ እጁ ይሞላል። የታፋችሁን ዙሪያ ከሱሪያችሁ በላይ ለኩና ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ ሁለት ጥንድ አሠሩ፤ አንዱን ፎገራ ትታችሁት ኑ። ስትገቡ ደንገሉን አትንኩ፤ እሱ የሐይቁ ነው። ስትወጡ እግራችሁን በፎጣ አድርቁ፣ ቦቲውን ገልብጣችሁ ጥላ ሥር ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ ማስቲሹ ይለቃል።