ክሎሪን ወይስ አልትራቫዮሌት? የመርከብ የመጠጥ ውሃ ነገር

መርከብ ላይ ውሃ ወይ ከወደብ ይቀዳል፣ ወይ ከባሕሩ ጨው ተለይቶ ይጣራል። ከዚያ ታንክ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። ጣጣው ያለው እዚህ መቀመጡ ላይ ነው፤ ጀርም ሊራባበት ይችላል። ጀርሙን ለማጥፋት ወይ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ወይ ውሃው በአልትራቫዮሌት ጨረር አምፖል በኩል ያልፋል።

ክሎሪን ከውሃው ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ከታንኩ እስከ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ድረስ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለሽርሽር መርከቦች ባወጣው መመሪያ፣ ውሃ ሲቀዳ ቢያንስ 2 ሚሊግራም ክሎሪን በሊትር መኖር አለበት። በመስመሩ መጨረሻ ደግሞ ከ0.2 መውረድ የለበትም። ለማረጋገጥ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ትንሽ ውሃ ቀድቶ የመመርመሪያውን ዱቄት ጣል ማድረግ ነው። ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ፤ ካልሆነ አልቋል። ጣዕሙስ? ሻዩ በረኪና በረኪና ቢላችሁ አትገረሙ።

አልትራቫዮሌት ሽታም ጣዕምም አይተውም። ክሎሪን የሚያቅተውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ እንኳ ያመክነዋል። ግን ውሃው አምፖሉን ካለፈ በኋላ ጠባቂ የለውም። ውሃው ከደፈረሰ ወይም የአምፖሉ መስታወት ከቆሸሸ ጨረሩ በደንብ አይደርስም። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ፣ ሥራው ግን ዜሮ!

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ክሎሪንን እመርጣለሁ። ገንዘብ ካለ፣ አልትራቫዮሌቱን ከታንኩ መውጫ ላይ እጨምርበታለሁ።